አርባ ሰከንድ ከመጋረጃው ጀርባ

ጥቅምት 11

ለማከብርዎት አጎቴ፣

ይህ ወረቀት በርዎን ሲያንኳኳ ጤናዎ የተሟላ፣ ጉልበትዎ የጸና ሆኖ እንዲያገኝዎት እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ አባቴም ደህና ነው። «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» ብለው መነጽርዎን ፍለጋ ሳይነሱ አልቀሩም። የወንድምዎ ልጅ ነኝ። ከእርስዎ ስለይ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አሁን ሃያ አራት ሞልቶኛል። ፊደሌ ከተንጋደደ ይቅር ይበሉኝ። ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ እሱም «ጮክ ብለሽ አንብቢ፣ የኋላ ወንበር ላይ ያለው ሰው ይስማሽ» እያለ ስለነበር ከጽሕፈቴ ይልቅ ድምፄ ሳይሻል አይቀርም። አድራሻዎን ያገኘሁት ከአክስቴ ነው። አባቴ እንደምጽፍልዎት አያውቅም።

ነገሩን ልንገርዎት። በሳምንቱ ቀናት አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ እሞርዳለሁ። በተረፈኝ ጊዜ ትራያትሎን የሚባል ስፖርት እወዳደራለሁ። መጀመሪያ ሐይቅ ውስጥ ይዋኛል፣ ከዚያ ብስክሌት ይነዳል፣ ከዚያ ይሮጣል፤ ሦስቱም ሰዓቱ ሳይቆም። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲታለፍ የዋና ልብስ የሚወልቅበት፣ ጫማ የሚጠለቅበት የታጠረ ሜዳ አለ፤ መሸጋገሪያ እንለዋለን። ሰዓቱ እዚያም ውስጥ ይቆጥራል። እኔን ጉድ የሚሠራኝ ይህ ሜዳ ነው።

ከክለባችን አራት ሴቶች ለዓመቱ ትልቅ ውድድር ይመረጣሉ። ባለፈው ወር በዘጠኝ ሰከንድ ተቀድሜ አምስተኛ ሆንኩ። ዘጠኝ ሰከንድ! በሁለቱ መሸጋገሪያዎች ያባከንኩት ሲደመር ግን አራት ደቂቃ ከአርባ ነው። ያ ወፍራም የዋና ልብስ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ተጣብቆ ስታገለው፣ ካልሲ ውስጥ የማይገባ እርጥብ እግሬን ስረግም፣ አባቴ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ያያል። ቤት ደርሰን ሾርባ እያማሰለ ምን አለ መሰለዎት? «አጎትሽ ቢሆን ኖሮ ተንፍሰሽ ሳትጨርሺ አልብሶ ይሰድሽ ነበር።» ከዚያ የገዛ አፉ የከዳው ይመስል ደንግጦ ወደ ድስቱ አቀረቀረ። ስለ እርስዎ ሲናገር በሕይወቴ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

አክስቴን ጠየቅኳት። የቲያትር ቤት አልባሽ እንደነበሩ፣ አባቴን በአርባ ሰከንድ ውስጥ ከለማኝ ወደ ዳኛ ይቀይሩት እንደነበር ነገረችኝ። እንዴት? እባክዎን ይጻፉልኝ። ስልክ ላይ ጆሮዎ እንደማይሰማልዎት ስለነገረችኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ

ኅዳር 20

ለውድ የወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታዬ ሐይቁን ዋኝቶ፣ ዳገቱን በብስክሌት ወጥቶ፣ በሩጫ ይድረስሽ። ፈጣሪ ጉልበትሽን ይጠብቅልሽ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን ሐሜት ስለማያሰማኝ አልተጣላንም።

ደብዳቤሽን ሦስት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። አንቺ ያን ጊዜ የልብስ ቅርጫት ውስጥ ገብተሽ እንቅልፍሽን የምትለጥጪ ልጅ ነበርሽ፤ አንድ ቀን ከነቅርጫቱ ለእጥበት ልጭንሽ ትንሽ ነው የቀረኝ። አሁን «እርስዎ» ስትይኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ እየመሰለኝ ዞር እላለሁ። ስፖርትሽን ግን አልገባኝም። እርጥብ ልብስ እየታገሉ በሰዓት መሯሯጥ የእኛ ሥራ ነበር፤ እኛ ግን ደመወዝ ይከፈለን ነበር።

አክስትሽ መጨረሻውን ሳትነግርሽ ቀርታ ከሆነ እኔው ልንገርሽ፤ ኋላ ሰምተሽ «አጎቴ ደበቀኝ» እንዳትይ። አባትሽ ለማኝ ሆኖ ከመድረክ ይወጣል፤ አርባ ሰከንድ ቆይቶ ጥቁር ኮት ለብሶ ዳኛ ሆኖ ይገባል። ስልሳ ሁለት ጊዜ እንደዚያ አድርገናል። በስልሳ ሦስተኛው እጄን ወደ ማንጠልጠያው ብሰድ ኮቱ የለም። ፈለግሁ፣ የለም። ጊዜው አለቀ። አባትሽ በዚያው በተቀዳደደ ልብሱ ገብቶ የሞት ፍርድ ሲያነብ፣ ማልቀስ የነበረበት ሕዝብ በሳቅ ፈረሰ። መጋረጃው ሲዘጋ በሁሉም ፊት «ወንድሜ አዋረደኝ» አለ። በማግስቱ ኮቱ ከልብስ ሳጥኑ ሥር ተጣጥፎ ተገኘ፤ ጭራሽ ሳላወጣው ቀርቼ ነው ማለት ነው። አባትሽ በዚያው ሳምንት ሥራውን ተወ፣ በዚያው ዓመት አገር ለቆ ሄደ። እኔ ወደ መተኮሻ ክፍል ተዛወርኩ። መብረቅ ይሉኝ ነበር፤ መብረቁ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሸሚዝ ይተኩሳል።

ስለዚህ ከማን ምክር እየጠየቅሽ እንደሆነ እወቂው። ከጠየቅሽ ግን ሁለት ነገር ልበል። የመጀመሪያው፣ ተዋናይ ልብስ መቀየር የሚጀምረው ከመድረክ ከወጣ በኋላ አይደለም። ገና መድረክ ላይ ሳለ ጀርባውን ለሕዝቡ ሲሰጥ ቁልፉን ይፈታል። አንቺም ከውኃው ወጥተሽ እየሮጥሽ ዚፕሽን ክፈቺ፤ ሜዳው ስትደርሺ ልብሱ ወገብሽ ላይ መሆን አለበት። ሁለተኛው፣ አንድ ዕቃ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚነካው። አንስተሽ መልሰሽ ካስቀመጥሽው ሁለት ጊዜ ከፈልሽ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ የኛ እንቁላል በአርባ ሰከንድ ነበር የሚሄደው፤ ቢሆንም ቸኩሎ አያውቅም።

እንደጻፍኩልሽ ለአባትሽ አትንገሪው። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ያን ቀን ስሜን ሲያነሳ ፊቱ ምን ይመስል ነበር?

አጎትሽ

ታኅሣሥ 16

ለማከብርዎት አጎቴ፣

እንደ ሰላምታዎ ሮጦ የሚደርስ ሰላምታ ባይኖረኝም ያለኝን በሙሉ ልኬልዎታለሁ። ብርዱ ሳይጎዳዎት፣ እጅዎ ሳይዝል ይቆዩልኝ። «አንተ» ማለቱን ግን አፌ እምቢ ብሏል፤ ይታገሱኝ።

ምክርዎ ሠርቷል! እንዴት እንደምለማመድ ልንገርዎት። የዋና ልብሴን ለብሼ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ እጋደማለሁ። ከዚያ ዘልዬ እወጣና ዚፔን እየከፈትኩ በኮሪደሩ እሮጣለሁ። ብስክሌቴ ከደረጃው አጠገብ፣ ከደብዳቤ ሳጥኖቹ ሥር ይቆማል። ጡረታ የወጡት የባቡር ትኬት ቆራጭ ጎረቤታችን ወንበር አውጥተው ሰዓት ይይዙልኛል። የመጀመሪያ ቀን ሲያዩኝ ቤቱ የተቃጠለ መስሏቸው የውኃ ባልዲ ይዘው ወጡ። አሁን እሳቸው ከእኔ ብሰዋል፤ «ዛሬ የግራ እግርሽ ሰነፍ ነው» ይሉኛል። አራት ደቂቃ ከአርባ የነበረው ሦስት ደቂቃ ከአምስት ገብቷል።

አንድ ጥብቅ ሕግ አለብን። ሄልሜት ጭንቅላት ላይ ገብቶ ማሰሪያው ሳይዘጋ ብስክሌት መንካት ክልክል ነው። ስለዚህ ሁሉ ነገር የሚጀምረው ከሄልሜቱ ነው። የቀሩኝ ችግሮች ካልሲውና የጫማ ማሰሪያው ናቸው። እርጥብ እጅ ክር አያስርም። እናንተ ምን ታደርጉ ነበር?

ስለ አባቴ ፊት ጠይቀውኛል። የተቆጣ ፊት አልነበረም፤ የሚያፍር ሰው ፊት ነበር የሚመስለው። ምን እንደሚያሳፍረው አልገባኝም። እሱ አሁን አውቶብስ ነጂ ነው። ፌርማታ ሲያስታውቅ በዚያ ድምፁ ስለሆነ ተሳፋሪው ሊያጨበጭብ ምንም አይቀረው።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ቀደም ብሎ መጣና ኮሪደር ላይ እየሮጥኩ ዚፕ ስከፍት አየኝ። ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ቆመ። «ይህን ማን አስተማረሽ?» አለኝ። «መጽሐፍ ላይ አይቼ» አልኩት። ገብቶ የረጠበውን ወለል ወለወለ። ዋሸሁት፤ ደስ አላለኝም።

የወንድምዎ ልጅ

የካቲት 12

ለውድ የወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታዬ ዘግይቶ ቢደርስም አልቀዘቀዘም። አንቺንና ያን ባልዲ የያዙ ጎረቤትሽን ፈጣሪ በጤና ያቆያችሁ። አንብቤ ብቻዬን ስስቅ ሸሚዝ አቃጠልኩ፤ የዋናው ገጸ ባሕርይ ሸሚዝ ነበር።

ያዘገየኝ ያ «የሚያፍር ሰው ፊት» ያልሽው ነው። በወንድሙ የሚያፍር ሰው እንደዚያ ነው የሚሆነው። ጠይቄሽ ነገርሽኝ፤ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም።

ወደ ሥራችን እንመለስ። ካልሲውን ተይው። ጫማሽ ውስጥ የሕፃን ፓውደር ነስንሺበት፤ እኛ ጓንትና ጠባብ ጫማ የምናስገባው በሱ ነበር። ማሰሪያውን ክር አውጥተሽ ላስቲክ አስገቢበት፤ ከፊት ሲያዩት የታሰረ ይመስላል፣ እግርሽን ስትሰጂ ግን አፉን ይከፍትልሻል። የመድረክ ልብስ ላይ የምታያቸው ቁልፎች ሁሉ ውሸት ናቸው፤ ከሥራቸው ጠቅ የሚል የብረት ቁልፍ አለ። ተመልካች አያውቀውም እንጂ የኛ ነገሥታት ሁሉ በላስቲክ ነው የሚነግሡት።

ዕቃሽን በምትለብሺበት ቅደም ተከተል ደርድሪ። ከዚያ ዓይንሽን ጨፍነሽ ተለማመጂ፤ እጅሽ ራሱ መንገዱን ይወቀው። ዋናው ነገር ይኸውልሽ፦ አንዴ ከደረደርሽ በኋላ አትንኪው! ቢጣመም ይጣመም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው፤ የሚበዛው ጥፋት የሚመጣው ከመጨረሻው ማስተካከል ነው።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ኮቱን መስቀሌን እጄ ያስታውሰዋል። የአንገቱን ለስላሳ ጨርቅ፣ የማንጠልጠያውን ሽቦ፣ ሁሉንም። ግን ኮቱ ከሳጥን ውስጥ ነው የተገኘው። እንግዲህ እጄ ይዋሻል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በሬን ቆልፌ ሦስት ጊዜ ተመልሼ እገፋዋለሁ። ምድጃዬን አጥፍቼ ከመንገድ እመለሳለሁ። ያልኩትን አላምንም፣ ያየሁትን አላምንም። ሰው ሲያየኝ ጥንቁቅ እመስለዋለሁ።

አሁን ደግሞ አዲሷ አዘጋጅ ለመጪው ጥቅምት ትልቅ ቲያትር ይዛለች። አንዲት ተዋናይት በሠላሳ አምስት ሰከንድ ከነርስ ወደ ሙሽራ ትቀየራለች። ወጣቶቹ አልባሾች አንድም ጊዜ ሊያደርሱት አልቻሉም። «ወደ መጋረጃው ጀርባ ተመለስልኝ» እያለች ትለምነኛለች። እምቢ ብያታለሁ። የገዛ እጁን የማያምን ሰው የሰው ልጅ ክብር አያሲዙትም።

አጎትሽ

ግንቦት 28

ለማከብርዎት አጎቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ፣ ቤትዎ ይባረክ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ቀልቷል፤ ሁለት ጥፋት አለብኝና ሁለቱንም ልናዘዝ።

ውድድሩ እሑድ ነበር። ዕቃዬን እንዳሉኝ ደረደርኩ፦ ሄልሜቱ ማሰሪያው ተከፍቶ የብስክሌቱ መሪ ላይ፣ ጫማው ፓውደሩ ተነስንሶበት ፎጣው ላይ። ሊጀመር አሥር ደቂቃ ሲቀር ነፋስ ተነሳ። «ሄልሜቱ ወድቆ ቢንከባለልስ?» ብዬ ተመልሼ አነሳሁት፤ ከፎጣው እጥፋት ሥር ከተትኩት። ከዚያ ዋኘሁ። ከውኃው ሦስተኛ ሆኜ ወጣሁ፤ እየሮጥኩ ዚፔን ከፈትኩ፤ ልብሱ እንደ ሙዝ ልጣጭ ወለቀ። እጄን ወደ መሪው ብሰድ ሄልሜት የለም።

አጎቴ፣ ያን ጊዜ ምን እንደተሰማዎት አሁን አውቃለሁ። ብስክሌቱን መንካት አልችልም፣ ዞሬ ዞሬ አያለሁ፣ ሰው ያልፈኛል። አባቴ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። «አንተ ነህ ያነሳኸው! ማን ንካ አለህ?» ብዬ ጮህኩበት። ዳኛው ዞር አለ፤ የቆመው ሰው ሁሉ አባቴን አየው። ፎጣውን ሳነሳ ሄልሜቴ ቁጭ ብሏል። አርባ ስምንት ሰከንድ። ስድስተኛ ወጣሁ። አሁን የቀረኝ የነሐሴው ውድድር ብቻ ነው፤ እሱም ካመለጠኝ ቡድኑ ለዘንድሮ አለቀ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ «አባዬ፣ ራሴ ነኝ ያነሳሁት፣ ይቅርታ» አልኩት። ነዳጅ ማደያ አጠገብ ዳር ይዞ ቆመ።

«መቼ ነው ራስሽ መሆንሽን ያወቅሽው?» አለኝ።

«ፎጣውን ስገልጥ።»

«ያኔውኑ?»

«ያኔውኑ።»

«ታዲያ መናገሩ ከበደሽ?»

«ከብዶኛል። ብስክሌት ላይ ሆኜ ምነው አንተ በሆንክ ኖሮ እያልኩ ነበር» አልኩት።

ሁለተኛው ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። «አጎቴ ካስቀመጥሽ አትንኪ ብሎኝ ነበር» የሚለው ከአፌ አመለጠ። አባቴ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። «ጋሼ ይጽፍልሻል?» አለኝ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። «ጤናው እንዴት ነው?» ብቻ ነበር ያለው። ቤት ስንገባ ደብዳቤዎቹን ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ሁሉንም አነበባቸው፤ አጣጥፎ መለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ ፌርማታውን የሚያስታውቀው በትንሽ ድምፅ ነው። ተሳፋሪዎች ጉንፋን ይዞህ ነው ወይ እያሉ ይጠይቁታል።

አትንገሪው ብለውኝ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

የወንድምዎ ልጅ

ሐምሌ 9

ለማከብርዎት አጎቴ፣

ጤናዎን ከመጠየቅ ሌላ የምጽፈው የለኝም። የግንቦቱ ደብዳቤዬ ደርሶዎታል? ደርሶ ተቀይመውኝ ከሆነ «ተቀይሜያለሁ» ብለው በአንድ መስመር ይጻፉልኝ። አባቴ በየቀኑ የደብዳቤ ሳጥኑን ከእኔ በፊት ይከፍተዋል፤ ባዶ ሲሆን ክዳኑን በቀስታ ይዘጋዋል።

የወንድምዎ ልጅ

ሐምሌ 30

ለውድ የወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደርሶኛል። ተቀይሜ ነበር፤ አሁን ወጥቶልኛል። ላንቺ ብቻ የጻፍኩትን፣ ስለ በሬና ስለ ምድጃዬ ያወራሁትን እሱ ማንበቡ አሳፍሮኝ ነው። ታላቅ ወንድም ሆኜ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኝ ጥፋቴን ተሸክሜ አንገቴን ደፍቼ ነው፤ አሁን ደግሞ አእምሮዬም እንደተነካ አወቀ ብዬ ሁለት ወር ሙሉ ብዕር አስጠላኝ።

ደግሞ ምንም አለማለቱ። አንብቦ፣ አጣጥፎ፣ መልሶ ሰጠሽ? ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለ ሄልሜቱ አልቆጣሽም፤ ከበቂ በላይ ቀጥቶሻል። ግን ትምህርት ይሁንሽ። እኛ ቤት ልብስን ከአልባሹ በቀር ማንም አይነካም ነበር፤ ተዋናይ የገዛ ኮቱን እንኳ አይነካም። አባትሽ ይህን ሕግ ከሁሉም በላይ ያውቀው ነበር፤ የሚነኩትን ልጆች የሚገሥጻቸው እሱ ነበር። ስለዚህ የዚያን ቀን ነገር ከእኔ ሌላ የሚያላክኩበት ሰው አልነበረም። እኔም ፈልጌ አላውቅም።

አዘጋጇ እስከ መስከረም አሥር የመጨረሻ መልስ ስጠኝ ብላለች። አልችልም እላታለሁ። አንቺ ግን በነሐሴ ድገሚው። ውኃው ጠርዝ ላይ ስትቆሚ ወደ ኋላ አትዪ። የደረደርሽው በቦታው አለ ብለሽ እመኚ። እኔ ያቃተኝን ቢያንስ አንቺ ቻዪው።

አጎትሽ

ነሐሴ 26

ለማከብርዎት አጎቴ፣

ደስታዬን ላካፍልዎት ስለቸኮልኩ ሰላምታዬ አጭር ነው፤ እድሜዎን ያርዝመው!

ገባሁ! አራተኛ ሆንኩ። ሁለቱም መሸጋገሪያዎች ሲደመሩ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሁለት። ደረደርኩ፣ ራቅ ብዬ ቆምኩ፣ ነፋሱ ሲነሳ እጆቼን ብብቴ ውስጥ ከተትኩ። ከውኃ ስወጣ ሄልሜቱ የተውኩበት ነበር። ማሰሪያው ጠቅ ሲል የተሰማኝ እፎይታ ከወዲሁ መጨረሻው መስመር ላይ የደረስኩ አስመሰለኝ። የክለቡ አሠልጣኝ «ማን ነው ያሠለጠነሽ?» ሲለኝ «ሸሚዝ ተኳሽ» አልኩት። የቀለድኩበት መስሎት ሳቀ። ጎረቤታችን ከነወንበራቸው መጥተው ነበር፤ የግራ እግሬ ዛሬም ሰነፍ ነው ብለዋል።

አባቴ አጥሩ ጋ ነበር፤ አልጮኸም፣ አላጨበጨበም። ሳልፍ ሳየው ያለቅስ ነበር። የእርስዎን የሐምሌ ደብዳቤ ካነበበ ጀምሮ ወረቀት ፊቱ ዘርግቶ ይቀመጣል፣ ይጽፋል፣ ቀድዶ ይጥላል። ዛሬ ጠዋት ከሥር ያለውን ጽፎ «ሳታነቢ ላኪው» ብሎኝ ነበር፤ ወዲያው «የለም፣ አንብቢው፣ ማወቅ አለብሽ» አለኝ። አነበብኩት። ከሱ ጋር ለሦስት ቀን አላወራም ብዬ ልጽፍልዎት ነበር፤ ያስቻለኝ ግን እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ነው።

*ጋሼ፣*

*ሰላም ልልህ ፊት የለኝም። ቀጥታ ልናገር።*

*ኮቱን ሰቅለኸዋል። በቦታው ነበር። ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሦስተኛው ክፍል ሊጀመር ሲል የፍርዱን ንባብ ኮቱን ለብሼ በመስታወት ፊት ልለማመደው ብዬ ወሰድኩት፤ መልበሻ ክፍሌ ወንበር ላይ ትቼው ወጣሁ። ትዝ ያለኝ መድረክ ላይ ቆሜ ሕዝቡ ሲስቅ ነው። ወደ መጋረጃው ጀርባ ስመለስ «የኔ ጥፋት ነው» ብለህ ቆመህ አገኘሁህ። እኔ ሳልናገር ተቀበልከው። ያን ጊዜ ቀለለኝ፣ ጋሼ። ቀለለኝና በሰው ፊት ያን ቃል ተናገርኩ። በማግስቱ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገብቼ ኮቱን ሳጥን ውስጥ አጣጥፌ የከተትኩት እኔ ነኝ።*

*ነገ እነግረዋለሁ ስል ሳምንት ሆነ። ሳምንቱ ሲያልፍ አንተን ማየት አቃተኝ። ሥራውን የተውኩት በሳቁ አይደለም፤ በየቀኑ ከመተኮሻው ክፍል ስትወጣ ላለማየት ነው። የራቅሁትም ለዚያው ነው። ሰዉ ግን ወንድሙን ተቀይሞ ነው ሲል ዝም አልኩ።*

*ልጄ በሰው ፊት «አንተ ነህ» አለችኝ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ «እኔ ነኝ» አለችኝ። አንድ ሰዓት ነው የፈጀባት። በርህን ሦስት ጊዜ እንደምትገፋ አነበብኩ። እጅህ ዋሽቶ አያውቅም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ አልልም፤ እወቀው ብቻ።*

*ታናሽህ*

ጥቅምት 4

ለውድ የወንድሜ ልጅ፣

የደስታዬን ያህል ረጅም ሰላምታ ብጽፍ ወረቀቱ አይበቃኝም። ለቡድኑ እንኳን አበቃሽ፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ለአሠልጣኝሽ ሸሚዝ ተኳሹ እውነተኛ ሰው ነው በይው።

ደብዳቤው የደረሰኝ መስከረም ስምንት ነው። ቆሜ ነው ማንበብ የጀመርኩት፤ መሐል ላይ መተኮሻ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩ። ካውያውን ማጥፋቴን እንኳ ሳላይ ነው የተቀመጥኩት። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥዬ ስድብ ጀመርኩ፤ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የሚበቃ ስድብ ነበረኝና ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁለት ልጆች ሸሹ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። የተለከከው ግን እኔ ላይ ነበር! ከዚያ አለቀስኩ። ካለቀስኩ በኋላ ከትከሻዬ ላይ የሆነ ነገር የወረደ መሰለኝና ዘወር ብዬ ወለሉን አየሁ፤ እውነት እልሻለሁ።

ሰቅዬዋለሁ። ልጄ፣ ሰቅዬው ነበር! እጄን አንስቼ አገላብጬ አየሁት። ይህን እጅ ይቅርታ ልጠይቀው ምንም አልቀረኝ።

በማግስቱ አዘጋጇን «እሺ» አልኳት። «ምን ለወጠህ?» ስትለኝ «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አልኳት። ትናንት የመክፈቻው ቀን ነበር። ተዋናይቷ ነርስ ሆና ወጣች፤ ከመድረኩ ሳትወርድ የልብሷን መያዣ ከኋላ ፈትታዋለች፤ ያንን አስተምሬያታለሁ። ቀሚስ፣ ጫማ፣ ዓይነ ርግብ። በሃያ ዘጠኝ ሰከንድ ሙሽራ ሆና ቆማ ስድስት ሰከንድ ጥርሷን በመስታወት አየች። ሕዝቡ እሷን ሲያይ «ኡ!» አለ። አልሰማሁትም፤ ወለሉ ሲንቀጠቀጥ በእግሬ አወቅሁት። ትርኢቱ ሳይጀመር ቀሚሱን ሰቅዬ ሄጄ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነበር። ወጣቶቹ «ጋሼ፣ አይታይም ወይ?» አሉኝ። «ምኑ ይታያል? ሰቅዬዋለሁ» አልኳቸው።

ለአባትሽ ይህን ጮክ ብለሽ አንብቢለት፤ የኋላ ወንበር ላይም ቢቀመጥ ይስማ። ተቆጥቻለሁ። በጣም ተቆጥቻለሁ። ይቅር ብዬዋለሁ ብዬ አልዋሽም፤ ይህን ዓይነት ነገር በደብዳቤ አይጨረስም። ፊት ለፊቴ ቁጭ አድርጌ እስኪበቃኝ መናገር እፈልጋለሁ፤ እሱም እስኪበቃኝ መስማት አለበት። ሲመልስልኝ ስለማልሰማው ሙግቱን የማሸንፈው እኔ ነኝ። አልጋ አለ፣ ብርድ ልብስ አለ፣ ውድድርሽ ሲያልቅ ይዘሽው ነይ። ብቻ አይዘግይ፤ ከትናንት ወዲህ ቁጣዬ እየበረደ አስቸግሮኛል።

አጎትሽ